የሐይቅ ደለል አለካክ፦ ንጥረ ምግብ ልውውጥና ዲናይትሪፊኬሽን በሐዋሳ ሐይቅ

የሐዋሳ ሐይቅን ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ ናይትሬትና ፎስፌት መለካት ቀላል ነው፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ወለሉ ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በጥቁር ውኃ ወንዝም ሆነ በክረምት ጎርፍ የገባው ፎስፎረስና ናይትሮጅን አብዛኛው ወለሉ ላይ ይከማቻል፣ ከዚያም በተራው ወደ ውኃው ይመለሳል። ናይትሮጅን ግን ሌላ መንገድም አለው፦ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይሸኙታል። ይህ ዲናይትሪፊኬሽን ነው። ጭቃው ምን ያህል እንደሚመልስና ምን ያህል እንደሚያስወግድ ካላወቃችሁ የውኃው ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም።

ዘዴው ደለሉን ሳይናጥ በቱቦ አውጥቶ፣ ዘግቶ፣ በላዩ ያለው ውኃ በየሰዓቱ እንዴት እንደሚለወጥ መለካት ነው። በባሕር ወሽመጦች ብዙ ተሠርቶበታል። በቦስተን ወደብ ለምሳሌ የከተማው የታከመ ፍሳሽ በሴፕቴምበር 2000 እ.ኤ.አ. ከወደቡ ወጥቶ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ ማሳቹሴትስ ወሽመጥ እንዲፈስ ሲደረግ፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ለብዙ ዓመታት ደለሉን በቱቦ እያወጡ የኦክስጅን ፍጆታውንና የንጥረ ምግብ ልውውጡን ለክተዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ እኔ የጨመርኩት የሐዋሳን ከፍታ፣ የሐዋሳን መብራትና የሐዋሳን ኮብልስቶን ነው።

ዕቃ

ግልጽ አክሪሊክ ቱቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 10 ሴ.ሜ.፣ ቁመቱ 45 ሴ.ሜ. የሆነ ይበቃል። ለአንድ ቦታ ቢያንስ 3 ለደለል፣ 2 ደግሞ ለውኃ ብቻ ያዙ። ሁለቱን የውኃ ቱቦዎች የሚዘልል ሰው አጋጥሞኛል፤ ያለ እነሱ ጭቃው የሠራውን ውኃው ራሱ ከሠራው መለየት አይቻልም። ለታችኛው አፍ ጠንካራ የጎማ ቡሽ፣ ለላይኛው ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) የገባበት የአክሪሊክ ክዳን ያስፈልጋል። ክዳኑን ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች ይቆርጡላችኋል። ሁለት ቀዳዳ ይኑረው፤ አንዱ ናሙና የሚወጣበት፣ ሌላው በምትኩ ውኃ የሚገባበት። በቀዳዳዎቹ ላይ ከፋርማሲ የሚገዛው የግሉኮስ ቱቦና ባለ ሦስት አፍ መዝጊያው በደንብ ይሠራል።

ከክዳኑ ሥር ትንሽ የማግኔት ዘንግ በናይሎን ክር ይንጠልጠል። ቱቦዎቹን በክብ ደርድራችሁ መካከል ላይ ትልቅ ማግኔት የሚያሽከረክር ሞተር ብታቆሙ ሁሉንም እኩል ያማስላል። ለዚህ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር የሚስተካከለው አላገኘሁም። በደቂቃ 60 ዙር አካባቢ ይዞራል፣ በ12 ቮልት ስለሚሠራም መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ ይቀጥላል።

የኦክስጅን መለኪያ፣ 60 ሚ.ሊ. ሲሪንጅ፣ 0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ፣ የዓሣ ማሳያ ገንዳ የአየር ፓምፕ፣ ጥቁር ላስቲክ፣ ሁለት ጀሪካን። ከባዱ ዕቃ ይኸው ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት የኦክስጅን መለኪያውን በራሳችን ከፍታ አስተካክሉት። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 82 በመቶ ያህል ነው። በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጠገበ ውኃ በባሕር ዳር 8.7 ሚ.ግ. በሊትር ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው 7.1 አካባቢ ነው። መለኪያው ከፋብሪካ በመጣበት የባሕር ወለል ግፊት ከቀረ ገና ሥራ ሳትጀምሩ ከ5 እጅ አንዱን ያህል ተሳስታችኋል።

ደለሉን ማውጣት

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ላይ ሁኑ። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊቱን ያደረ መረባቸውን ይዘው ወደ አሞራ ገደል ሲመለሱ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን ጀልባው አልቆም ይላል፣ ቱቦውም ጋድሎ ይገባል። ወደ ጥቁር ውኃ አፍ የምትሄዱ ከሆነ የቀዛፊውን ቃል ስሙ። ጉማሬው የት እንደሚያድር የሚያውቀው እሱ ነው።

እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ድረስ ቱቦውን ከረጅም ዘንግ ጋር አስራችሁ በእጅ መትከል ይቻላል። ከዚያ በላይ በክብደቱ የሚወርድ የደለል ማውጫ ያስፈልጋል። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ አውርዱ። ወለሉ አጠገብ ስትደርሱ ቆም በሉ፣ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ከዚያ እንደ ቅቤ ውስጥ ቢላዋ ቀስ ብላችሁ ክተቱት። የምትፈልጉት ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ. ጭቃ፣ በላዩም ቢያንስ 20 ሴ.ሜ. የራሱ ውኃ ነው። የላይኛውን አፍ ዝጉ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ታችኛው አፍ ከውኃው ሳይወጣ እጃችሁን አስገብታችሁ ቡሹን ግጠሙ።

አሁን ቱቦውን ወደ ብርሃን ያዙትና እዩ። በጭቃውና በውኃው መካከል ያለው መስመር ጥርት ያለ መሆን አለበት። ከላይ ቡናማ ሽፋን ታያላችሁ፣ አንዳንዴ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ፤ ከሥሩ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። ኦክስጅን የሚደርሰው እዚያ ቀጭን ሽፋን ድረስ ነው። አሞኒየም ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በእሱ ውስጥ፣ ናይትሬቱ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ወዲያው ከሥሩ ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው የምስር ፍሬ ውፍረት የማያህል ርቀት ነው። ቱቦው ከተናጠ ይህ አቀማመጥ ይፈርሳል፣ ከዚያ በኋላ በምንም መሣሪያ ብትለኩት የምታገኙት የሐይቁን ሳይሆን የእጃችሁን ሥራ ነው። ውኃው የደፈረሰውን፣ መስመሩ የተንጋደደውን፣ በጎኑ የአየር አረፋ የሚታይበትን ድፉና ሌላ አውጡ። ፊላና ደንገል በበቀለበት ዳርቻ ጭቃው ውስጥ የሚቴን አረፋ ስለሚኖር ከሦስቱ ሁለቱን መድፋት የተለመደ ነው። አንድ ቀን አምስተኛውን ስደፋ ቀዛፊያችን፣ «ጋሼ፣ ይኸኛው ጭቃ ከዚያኛው ጭቃ በምን ይሻላል?» አለኝ። ሁለቱን አቁሜ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ቀድሞ «ይሄ አይሆንም» ማለት ጀምሯል።

ትል ወይም ቀንድ አውጣ ስላለበት ግን ቱቦ አትድፉ። ትሎቹ የሚቆፍሩት ቀዳዳ ኦክስጅኑን ወደ ታች፣ አሞኒየሙን ወደ ላይ ያመላልሳል፤ በባሕሩም ጭቃ እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ከጎረቤቱ ቢለይም የሐይቁ እውነት ነው።

ከዚያው ቦታ ከወለሉ አጠገብ ሁለት ጀሪካን ውኃ ቅዱ። ከሐይቁ ዳርቻ ወደ ቤተ ሙከራ የሚወስዳችሁ ባጃጅ ከሆነ ኮብልስቶኑ ጠላታችሁ ነው። ቱቦዎቹን በወፍራም ስፖንጅ በተሞላ ሣጥን አቁማችሁ፣ ሣጥኑን ጭናችሁ ላይ ይዛችሁ፣ ሾፌሩን ቀስ እንዲል ለምኑት። ውኃው ቱቦውን እስከ አፉ ይሙላው፤ ጎደሎ ቱቦ ውስጥ ውኃው ስለሚዋዥቅ ጭቃውን ያነሳዋል።

አንድ ሌሊት ማሳረፍ

ቱቦዎቹን ክዳናቸውን ከፍታችሁ ከሐይቁ በመጣው ውኃ በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ አቁሟቸው፣ ሙቀቱን በለካችሁት የወለል ሙቀት ጠብቁ፣ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑ፣ የአየር ፓምፑን ክፈቱ። ሌሊቱን ይረፉ።

ይህን አቃልዬ ያየሁበት ጊዜ ነበር። መብራት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጠፋ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ጠዋት ስደርስ የውኃው ኦክስጅን ወደ ዜሮ ወርዷል። ቀኑ እንዳይባክን ብዬ ቀጠልኩ። ፎስፌቱ ሲወጣ ከዚያ በፊት ካየሁት ሁሉ በብዙ እጥፍ ሆነ፤ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ነገሩ ሌላ ነበር። ኦክስጅን ባለበት የዛገ ብረት ፎስፌቱን ጨብጦ ይይዛል፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ብረቱ ይሟሟና ፎስፌቱን ይለቅቃል። የለካሁት የመብራቱን መጥፋት ነው። አሁን ፓምፑን በባትሪ የሚሠራ ገዝቻለሁ። የጠፋበት ሌሊት ካለም ያ ስብስብ በሙሉ ይደፋል።

የሐይቁ ወለል በተፈጥሮው ኦክስጅን የሌለው ከሆነ ግን፣ ጥልቅ በሆነው ክፍል ሊሆን ይችላል፣ በአየር አትሙሉት። ወለሉ ላይ ያገኛችሁትን ኦክስጅን መጠን ነው የምትጠብቁት።

መዝጋትና መለካት

ጠዋት የበርሜሉን ውኃ በአዲስ የሐይቅ ውኃ ለውጡ፣ ከዚያ ክዳኖቹን ከውኃ ሥር ግጠሙ። ከክዳኑ በታች የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል አረፋ እንኳ አትቅር። የውኃውን ቁመት በቱቦው ሦስት ጎን ለክታችሁ አማካዩን ጻፉ። ማማሰያውን ክፈቱ፤ ውኃውን ያንቀሳቅስ እንጂ ጭቃውን አያንሳ።

ወዲያው የመጀመሪያውን ናሙና ውሰዱ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ፣ በድምሩ 5። በአንዱ ቀዳዳ 60 ሚ.ሊ. ስትስቡ በሌላው ቀዳዳ ከጀሪካኑ ያንኑ ያህል ይግባ። 10 ሴ.ሜ. ስፋትና 20 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው ውኃ 1.57 ሊትር ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ናሙና 4 በመቶ ገደማ ውኃ ትቀይራላችሁ። ትንሽ ይመስላል፣ በአምስት ናሙና ግን ይጠራቀማልና የጀሪካኑንም ውኃ ለክታችሁ በስሌቱ አርሙት።

የምታቆሙት በሰዓት ሳይሆን በኦክስጅን ነው። ከመነሻው ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲቀንስ በቃ። ከዚያ ካለፈ የጭቃው ጠባይ ራሱ ይለወጣል። በቀዝቃዛ አገር ክረምት ይህ ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ እዚህ ውኃው ሞቃት ስለሆነ ሦስት አራት ሰዓት ይበቃል።

ይህ ሁሉ በጨለማ ነው። ጥልቀቱ ከአንድ ሁለት ሜትር በማይበልጥ፣ ብርሃን ወለሉ በሚደርስበት ቦታ ግን በብርሃንም ድገሙት። ጭቃው ላይ የሚበቅለው አልጌ ቀን ቀን ንጥረ ምግቡን እየነጠቀ ያስቀራል፤ በጨለማ ብቻ የለካ ሰው ሐይቁን ከሆነው በላይ ለቃቂ ያደርገዋል።

የኬሚስትሪው ክፍል የተለመደው ነው። ናሙናውን ወዲያው አጣሩ። አሞኒየም በኢንዶፌኖል ሰማያዊ ቀለም በ640 ናኖሜትር፣ ፎስፌት በሞሊብደነም ሰማያዊ በ880፣ ናይትራይት በሐምራዊው ቀለም በ540፣ ናይትሬት ደግሞ በካድሚየም ወደ ናይትራይት ተለውጦ በዚያው ይነበባል። በዚያው ቀን የማይለካውን በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዙ፤ ሲሊኬትም የምትለኩ ከሆነ ግን የእሱን ናሙና አታቀዝቅዙ፣ ይረጋና መልሶ አይሟሟም። አሞኒየም ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ይበከላል። ናሙና በሚጣራበት ክፍል ሲጋራ የሚያጨስ ወይም መስኮት በአሞኒያ የሚወለውል ሰው አይግባ።

ስሌቱ

ቱቦ በመሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው። የክምችቱ ለውጥ በሰዓት፣ የውኃ ብቻው ቱቦ ለውጥ ተቀንሶለት፣ በውኃው ቁመት ይባዛል። 20 ሴ.ሜ. ቁመት ማለት በካሬ ሜትር 200 ሊትር ነው።

ለማሳያ በፈጠርኳቸው ቁጥሮች እንሂድ። ኦክስጅን በ4 ሰዓት ከ6.8 ወደ 5.2 ሚ.ግ. በሊትር ወረደ፤ በሰዓት 0.40 ነው። በውኃ ብቻው ቱቦ 0.05 ወረደ። ልዩነቱ 0.35 ሚ.ግ.፣ ለ32 (ለኦክስጅን ሞለኪውል ክብደት) ሲካፈል 10.9 ማይክሮሞል በሊትር በሰዓት፣ በ200 ሲባዛ 2,190 ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰዓት ይሆናል። አሞኒየም በሰዓት 0.95 ማይክሮሞል በሊትር ጨመረ፤ ስለዚህ 190 ወጣ። ናይትሬት በ0.10 ቀነሰ፤ 20 ወደ ጭቃው ገባ። ድምሩ 170 ማይክሮሞል ናይትሮጅን ወደ ውኃው ተመልሷል።

ስንት መመለስ ነበረበት? የበሰበሰው የውኃ ውስጥ አልጌ ከሆነ በ106 ካርቦን 16 ናይትሮጅን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ካርቦን አንድ ኦክስጅን ብንቆጥር 2,190 በ16 ተባዝቶ ለ106 ሲካፈል 330 ነው። ከ330 ላይ 170 ስንቀንስ 160 የት ገባ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ዲናይትሪፊኬሽን ነው» ብሎ ይጽፋል። ሊሆን ይችላል፤ በብዙ የባሕር ዳርቻ ደለሎች የሚለካው መጠን ከ50 እስከ 250 ስለሆነ ቁጥሩ አይደንቅም። ነገር ግን በሐይቅ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ የበሰበሰው ፊላ ከሆነ ናይትሮጅኑ ከአልጌው በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ 330 የተባለው ራሱ የተጋነነ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጨው በሌለበት ውኃ የጭቃው ሸክላ አሞኒየምን አጥብቆ ይይዛል፤ በባሕር ሶዲየሙ ቦታውን ስለሚሻማው በቀላሉ ይለቀቃል። ያልተመለሰው ሁሉ ጋዝ ሆኗል ማለት አይደለም። ይህን ቁጥር እኔ «የጠፋ ናይትሮጅን» ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ስሙንም አላሳድገውም።

ጋዙን በቀጥታ ለመለካት

አሴቲሊን የተባለው ጋዝ ርካሽ ስለሆነ ይፈትናል። ናይትረስ ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ እንዳይለወጥ ያግዳል፣ እናንተም የተጠራቀመውን ናይትረስ ኦክሳይድ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ትለካላችሁ። ችግሩ አሞኒየም ወደ ናይትሬት የሚለወጥበትንም መንገድ ይዘጋል። የውኃው ናይትሬት ትንሽ በሆነበት ቦታ የዲናይትሪፊኬሽኑ ዋና ቀለብ ያ ነው፤ ምግቡን ነጥቆ ስንት እንደበላ እንደመጠየቅ ነው። ለሐይቅ ወለል አልመክረውም።

የሚሻለው የናይትሮጅንና የአርጎን ጥምርታ ነው። አርጎንን ምንም ሕይወት ያለው ነገር አይነካውም፤ ሙቀትና ግፊት ሲለዋወጡ ግን እንደ ናይትሮጅን ይለዋወጣልና መመሳከሪያ ይሆናል። መሣሪያው ጋዙን በሽፋን አሳልፎ የሚቀበል ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው። ናሙናውን ወደ ውጭ መላክ ቢኖርባችሁም አወሳሰዱ የእናንተ ነው፣ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። የላይኛውን ምሳሌ ውሰዱ፦ 160 የናይትሮጅን አቶም 80 የጋዝ ሞለኪውል ነው፣ በ200 ሊትር ሲካፈል 0.4 ማይክሮሞል በሊትር በሰዓት፣ በ4 ሰዓት 1.6። ውኃው ግን በዚህ ከፍታ ሲጀምር ከ400 በላይ ማይክሮሞል የናይትሮጅን ጋዝ ሟሙቶበታል። የምትፈልጉት ለውጥ ግማሽ በመቶ አይሞላም።

ስለዚህ አረፋ። በውኃ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን የአርጎኑ 38 እጥፍ ገደማ ነው፤ በአየር ውስጥ 84 እጥፍ። አንዲት አረፋ ብልቃጡ ውስጥ ከቀረች ዲናይትሪፊኬሽን ትመስላለች። ክዳኑ ጋዝ የማያሳልፍ 12 ሚ.ሊ. ብልቃጥ ተጠቀሙ፣ ቀጭኑን የናሙና ቱቦ እስከ ብልቃጡ ታች አስገቡ፣ ሦስት እጥፉ እስኪፈስ ሙሉት፣ ባክቴሪያውን የሚገድል ጥቂት ዚንክ ክሎራይድ ጨምሩ፣ አፉ ላይ ውኃው ጉብ ብሎ ሳለ ክደኑ። ገልብጣችሁ በጣታችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ አረፋ ከወጣ ያ ብልቃጥ ሞቷል። የቀሩትን በውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ፣ ከተለኩበት ሙቀት ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አኑሩ። ከሞቁ ጋዙ ራሱ አረፋ ይሆናል።

ሌላው መንገድ ናይትሮጅን 15 የተሰኘውን ከባዱን ናይትሬት ውኃው ላይ መጨመር ነው። ቱቦዎቹን በተራ እየሠዉ፣ ዚንክ ክሎራይድ ጨምሮ ጭቃውን ከውኃው ማደባለቅ፣ ከዚያ 29 እና 30 ክብደት ያላቸውን የናይትሮጅን ጋዞች መለካት። 29ኙ ላይ የ30ውን እጥፍ ስትደምሩ ከጨመራችሁት ናይትሬት የተሠራውን ታገኛላችሁ፤ ይህንን 29ኙ ለ30ው እጥፍ ተካፍሎ በሚሰጠው ቁጥር ስታባዙ የሐይቁ የራሱ ናይትሬት ይመጣል። መልሱ የጨመራችሁት መጠን ሲለዋወጥ አብሮ ከተለዋወጠ፣ አሞኒየምና ናይትራይትን አጣምረው ጋዝ የሚሠሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች እጃቸውን አስገብተው ይሆናልና ስሌቱን አትመኑ። ለዚህ በሦስት የተለያየ መጠን መሞከር ግድ ነው።

ሲያልቅ

ከመድፋታችሁ በፊት የላይኛውን 2 ሴ.ሜ. ጭቃ ቆርጣችሁ መዝኑ፣ አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ፤ የቀረውን በወንፊት አጥልላችሁ ትሎቹን ቁጠሩ። ሦስቱ ቱቦዎች ለምን እንዳልተስማሙ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ይኸው ነው። የካድሚየሙንና የዚንኩን ፍሳሽ ስሙ በተለጠፈበት ጠርሙስ አጠራቅሙ፤ ወደ ማጠቢያው የተደፋው መጨረሻው ያው መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ቱቦዎቹን በሳሙና አትንኩ፣ አንዳንዱ ፎስፌት አለበት። በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለቅልቁ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውኃ እጠቡ፣ አፋቸውን ደፍታችሁ አድርቁ። ለቀዛፊውም ስልክ ደውሉ፤ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ዙር፣ ጎርፉ ከገባ በኋላ ሌላ ዙር ያስፈልጋችኋል።